አስቸኳይ! የመጥረቢያዬ ብረት ተነቀለ፣ ነገ ሰደቃ አለብን

የቧንቧ ውሃዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ነገ ሰደቃ አለብን፣ እንጨቱ ገና አልተፈለጠም። መጥረቢያው ተበላሸብኝ። አዲስ ነው እኮ! በ700 ብር ተገዝቶ ሳምንት አልሞላውም። ምን ላድርግ? ቶሎ መልሱልኝ፣ እየመሸ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ምኑ ነው የተበላሸው? ብረቱ ነው ዛቢያው? ሐኪም ቤት ሄደሽ "አመመኝ" ብቻ ብለሽ ዝም ትያለሽ?

የቧንቧ ውሃዋ፦
ብረቱ ከዛቢያው ተነቅሎ በረረ። ለጥቂት ነው የልጁን እግር የሳተው። ስለቱም መሀሉ ላይ ታጥፏል።

አብሽር በሉ፦
አብሽሪ እህቴ። ዛቢያውን መልሰሽ ከተሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ይጠብቃል። አለቀ።

አያ ሽበት፦
ኧረ ተዉኝ እናንተ ልጆች! ብረት ሠሪውን "ቀጥቃጭ" እያልን ስንንቀው፣ "ቡዳ ነው" እያልን ጋብቻ ስንነፍገው ኖርን። አሁን ቀለም የተቀባ ብረት ከሱቅ ገዝተን እናለቅሳለን። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ያን ሁሉ ገደል ተጎትቶ የደረሰው መቅደላ ነው፣ እዚሁ ወሎ። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ቢሆኑም ከሥራቸው ስንት የሀገር ልጅ እጁን አፍታቷል። ደህና ባለ ወናፍ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው መጥረቢያ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔ ያለኝ የአባቴ ነው። ዛቢያው ብቻ ነው የሚቀየረው።

ጦሳ ሥር፦
አያ፣ ልጅቷ መድፍ አልጠየቀችም እኮ። ሃሃሃ።

ሰላም ነው ወረኢሉ፦
ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ይሠራል።

ባቲ ሰኞ፦
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም መጥረቢያው ላይ ዘመታችሁ። ክብደቱ ስንት ነው? ዛቢያው ምን ያህል ይረዝማል? እንጨቱስ ምንድን ነው? ይሄ ሳይታወቅ "ርካሽ ነው፣ መጥፎ ነው" አይባልም።

የቧንቧ ውሃዋ፦
600 ግራም ይላል። ዛቢያው ክንዴን ነው የሚያክለው። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወፍራም ግንድ፣ የደረቀ። ጉጥ አለበት። ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ መጥረቢያው ነው!

ባቲ ሰኞ፦
እሱን ነው የምልሽ። ይሄ የአንድ እጅ መጥረቢያ ነው። ጭራሮ መሰንጠቅ፣ ቅርንጫፍ መመልመል፣ ችካል ማሾል ነው ሥራው። ግንድ የሚፈለጠው ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ በሆነ፣ ወገቡ ወፈር ባለ፣ በሁለት እጅ በሚያዝ ነው። ስለቱ ቀጭን የሆነ ትንሽ መጥረቢያ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል እንጂ አይከፍትም። ከዚያ ልታላቅቂው ስትወዘውዢው ዛቢያው ይላቀቃል። 1,000 ብር ብትከፍይበትም ያው ነበር። ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥብ ሳለ ነው በደንብ የሚፈለጥ። ከደረቀ፣ ያውም ጉጥ ካለው፣ ልብ ያወልቃል።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሻጩ "ሁሉን ይችላል" ብሎኝ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ሻጭ ምን ይበል ታዲያ? "ይበራል" ይበልሽ?

መርሳ አናጺ፦
ልጄ፣ እኔን ስሚኝ። ውሃ የሚሉሽን ተያቸው። ለዛሬ ማታ ያጠብቅልሻል። ነገ ሲደርቅ ግን እንጨቱ ከበፊቱ ይበልጥ ይሸሻል፣ ብረቱም ሰው በተሰበሰበበት ይበራል።

መጀመሪያ የዛቢያውን ብረት የሚገባበትን ጫፍ እዪው። ካልተሰነጠቀ ይድናል። ጫፉ ላይ በመጋዝ ወደ ውስጥ ሰንጥቂለት፣ የብረቱን ቀዳዳ ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል። መሰንጠቂያው ቀድሞ ካለ ቆሻሻውን አውጪ። ብረቱን አስገቢ። አሁን መጥረቢያውን ብረቱ ወደ ታች እንዲሆን አንጠልጥለሽ ያዢና የዛቢያውን ቂጥ በመዶሻ ምቺው። መሬት ላይ አታስደግፊው፣ በአየር ላይ ነው። ብረቱ በራሱ ክብደት ወደ ዛቢያው እየወጣ ይጠብቃል። ከዚያ የደረቀ ወይራ ሽብልቅ ቀርጸሽ መሰንጠቂያው ውስጥ እስኪያቅተው ድረስ ምቺ። ወይራ ከጠፋ ክትክታም ይሆናል። ዋናው መድረቁ ነው። እርጥብ ሽብልቅ ከሽብልቅ አይቆጠርም።

የተረፈውን ቁረጪ። ከመጀመርሽ በፊት ባዶውን ወዝወዝ አድርጊው። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሽብልቅ። ልጆቹን ከፊትም ከኋላም አርቂያቸው።

የቧንቧ ውሃዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ። ግን በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ የእንጨት ስባሪ አለ። እሳት ላይ ላድርገው?

መርሳ አናጺ፦
በጭራሽ! እሳት ስለቱን ያለሰልሰዋል። በምስማርና በመዶሻ ከሥር ወደ ላይ እየመታሽ አውጪው።

ሰላም ነው ወረኢሉ፦
ውሃ ውስጥ ግን ብትዘፈዝፊው...

የኮምቦልቻው በያጅ፦
ስለ ስለቱ እኔ ልናገር። መታጠፉና መሸረፉ ለየቅል ነው። ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ በወጉ አልተነከረም፣ ማለትም በእሳት ግሎ በውሃ ወይም በዘይት አልቀዘቀዘም። ከተሸረፈ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠንክሯል። ተነክሮ እንደገና ሞቅ ባይደረግ ነው። የሷ ለስላሳው ነው። ይሄ ይሻላል፣ በሞረድ ይስተካከላል።

ስትገዙ እንዲህ ሞክሩት። ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ይቆጣ እንጂ ስለቱ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ሞረዱ እንደ ሳሙና ከላጠው ለስላሳ ነው፣ ተዉት። ጨርሶ ተንሸራቶ ካለፈ ጠንካራ ነው፣ ይሸረፋል። ትንሽ ተከራክሮ ከነከሰ እሱ ሸጋ ነው። ቀለም ላይ አትሞክሩ፣ ቀለሙን ፋቅ አድርጉት። ብዙ ጉድ የሚደበቀው በቀለም ሥር ነው።

ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ በአንድ ዓይን እዩት። ስለቱና ዛቢያው አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ፣ ሲመታ ይጣመማል፣ እጅም ያደማል። የዛቢያው ቂጥ ላይ ደግሞ የእንጨቱን መስመር ተመልከቱ። መስመሩ ከስለቱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ካቋረጠው ይሰበራል። ቂጡ ቀለም የተቀባ ከሆነ "ለምን ቀባችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስለቱን በግራይንደር አትንኪው እህቴ። በሙቀቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ በይ። በሞረድ፣ በእጅ።

ጦሳ ሥር፦
ለምን ቱቦ በይደህ ዛቢያ አታደርግላትም? ለዘላለም አይነቀል።

የኮምቦልቻው በያጅ፦
የብየዳው ሙቀት ስለቱ ድረስ ይሄዳል። የቱቦው ንዝረት ደግሞ ክርን ያወልቃል። ብር አገኛለሁ ብዬ አልመክርም።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሌላ ነገር። ወንድሜ ከውጭ ያመጣው ጥቁር ትንሽ መጥረቢያ ቤት አለ። ጀርባው ሹል ነው፣ እጀታው ፕላስቲክ። በሱ ልፍለጥ?

ባቲ ሰኞ፦
ኧረ በነቢ! እሱ ቶማሃውክ ነው። መነሻው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሣሪያ ነው፣ ለውጊያም ለዕለት ሥራም ይይዙት ነበር። ዛሬ ርካሹ የሚሠራው ለመወርወሪያና ለጉራ ነው። ራሱ ቀላል ነው፣ ስለቱ ቀጭን ነው፣ እጀታው ብዙ ጊዜ በብሎን ነው የተያዘው። ግንድ ላይ ነጥሮ ቢመለስ ያ ሹሉ የሚመጣው ወደ ግንባርሽ ነው።

ደህናው ቶማሃውክ ግን አንድ ብልሃት አለው። እንደኛ ዶማ ዛቢያው ከላይ ነው የሚገባው፣ ጫፉ ሰፋ ይላል። ስትወነጭፊው ብረቱ ወደ ውጭ ሲጎተት ይበልጥ ይጠብቃል። ሽብልቅ አይፈልግም፣ ዛቢያውም ሲሰበር ቶሎ ይቀየራል። ለመንገደኛ ሸጋ ነው። ለሰደቃ እንጨት አይሆንም።

አያ ሽበት፦
ዶማ ያልከው ልክ ነው። ፈረንጅ ከኛ ነው የወሰደው።

ባቲ ሰኞ፦
አይ አያ! አሁንስ በዛ።

እማማ ዘሀራ ሰፈር፦
ልጆቼ፣ ሌሊቱን ስትከራከሩ ልታድሩ ነው? አንቺ ልጅ፣ ጎረቤት ትልቅ መጥረቢያ የለም? ሂጂና ተዋሺ። ካጣሽ ፍልጥ ከሚሸጡት አንድ ሸክም ግዢ። ግንዱ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ሰደቃ በሰው ነው የሚያምረው።

መርሳ አናጺ፦
እውነታቸውን ነው። ግድ ካለሽ ግን ግንዱን መሀሉን አትምቺ። ከዳር ከዳር እየላጥሽ ግቢ። ጉጡን ተይው፣ በጉጥ በኩል አይከፈትም። የብረት ሽብልቅና ከባድ መዶሻ ያለው ሰው ካገኘሽ ደግሞ መጥረቢያም አያስፈልግሽ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
አያቴ ዛቢያውን ይዘውት ወጥተዋል፣ ወይራ እየቀረጹ ነው። ስለ አጥንቱስ? በሬም አለ።

የኮምቦልቻው በያጅ፦
ለአጥንት ያቺው የራስሽ ትንሿ መጥረቢያ ትበቃለች። ስለቱን ግን ወፈር አድርገሽ ሳይው፣ ቀጭን ስለት በአጥንት ይጎዳል። ቀለሙን ፍቀሽ፣ በፈላ ውሃ አጥበሽ። ቀለም ያለበት ብረት ሥጋ ላይ አይወርድም።

ጦሳ ሥር፦
እኛስ አንጠራም?

ሰላም ነው ወረኢሉ፦
እህቴ ምን ሆነ? ውሃው ሠራ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። መጥረቢያ የሚሳለው በየትኛው ሞረድ ነው? ሱቅ ጠፍጣፋም ሦስት ማዕዘንም አለ።

የኮምቦልቻው በያጅ፦
ጠፍጣፋው። ሦስት ማዕዘኑ ለመጋዝ ጥርስ ነው። ወደ ፊት ብቻ ግፋ፣ ስትመልሰው አንሳው። ጓንት አድርግ።