ለጫጉላ ሆቴል ለምትመርጡ፦ ከጎንደር ጥቆማ

የእህቴ ልጅ በጥር ልታገባ ነው። ባለፈው «አጎቴ፣ ለጫጉላችን ዕድሜ ልክ የማንረሳው ሆቴል ጠቁመን፤ ስፓም ይኑረው» አለችኝ። እጮኛዋ ሲንጋፖር ብሏል። የእሷ ልብ ያለው በረዶ ላይ ነው። እኔ ስለ ሆቴል ሕንፃ ሳነብ የማመሽ ሰው ነኝ፤ የነገርኳትን ሌሎች ሙሽሮችም ይጠቀሙበት ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ፋሲል መዋኛ ይዣት ሄድኩ። ሆቴል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን የአጥሩን ግንብ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። በስንጥቁ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ መሬት ይይዛል። ግንቡ የቱ፣ ሥሩ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ለጥምቀት የቀሃ ውሃ ሲገባበት ደግሞ ግንቡ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። «ሆቴልም እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው» አልኳት። ቤቱ ከቦታው የበቀለ መምሰል አለበት።

በዚህ መለኪያ ለእኔ አንደኛው ስዊዘርላንድ፣ ቫልስ የምትባል የተራራ መንደር ውስጥ ከሆቴል ጋር ተያይዞ ያለው የፍል ውሃ ቤት ነው። አርክቴክቱ ፒተር ዙምቶር ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከዚያው ሸለቆ የወጣ 60,000 ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተደራረበ ነው የተሠራው። ግማሹ ተራራው ውስጥ ገብቷል። ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቀጭን ክፍተት ስለሆነ ግድግዳው ላይ እንደ ክር ይወርዳል። ውሃው ከምንጩ 30 ዲግሪ ሆኖ ይፈልቃል። አንዱ ገንዳ 42 ዲግሪ፣ ሌላው 14 ነው። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነው እንግዲህ! ከዙሪክ እስከ ኢላንዝ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይደረሳል። ዋጋው ይከብዳል። አቅም ካለ ሁለት ሌሊት ይበቃል።

የሲንጋፖሩ ማሪና ቤይ ሳንድስ የሞሼ ሳፍዲ ሥራ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሦስት ረጃጅም ሕንፃዎች አናታቸው ላይ መርከብ የሚመስል ነገር ተሸክመዋል። 150 ሜትር ያህል የሚረዝመው መዋኛ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መዋኛው ለሆቴሉ እንግዶች ብቻ ነው። ለመመልከቻው ትኬት መቁረጥ ውሃው ውስጥ አያስገባም። ሰው ይበዛበታል። ጸጥታ ለሚፈልጉ ሙሽሮች አልመክረውም፤ ከተማ ለሚወዱ ግን አንድ ሌሊት ጥሩ ነው።

የስዊድኑ የበረዶ ሆቴል ዩካስያርቪ ውስጥ ነው። በየክረምቱ ከቶርነ ወንዝ በሚቆረጥ በረዶ ይሠራል፤ በጸደይ ይቀልጣል። ክፍሉ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ሌሊት እዚያ፣ ሌላውን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ እደሩ።

ሕንድ፣ ኡዳይፑር ውስጥ ሐይቅ መሃል የተሠራ ነጭ የእብነ በረድ ቤተ መንግሥት አለ። ዛሬ ሆቴል ነው። የሚገባው በጀልባ ነው። ጣና ላይ በታንኳ ወደ ገዳም ሄዶ ለሚያውቅ ሰው ስሜቱ አዲስ አይሆንበትም። ሁለተኛዬ ይሄ ነው።

ኪሳችሁን ለምትሳሱለት ደግሞ ቱርክ፣ ቀጰዶቅያ። የቅዱስ ባስልዮስ አገር ናት። ሆቴሎቹ ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ናቸው። የቅንጦቱም የመካከለኛውም ዋጋ ይገኛል። ስትይዙ ክፍሉ በእርግጥ የተፈለፈለ መሆኑን ጠይቁ፤ በጥርብ ድንጋይ የተገነባም አለና። በጥር በረዶ ይጥላል።

ከአገር መውጣት ለማይመቻችሁ፣ እዚሁ ጎንደር ጎሃ ሆቴል ወጥታችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ከበረንዳው ከተማውንና ግንቦቹን እዩ። ደባርቅ አካባቢ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው፤ ከገደሉ ጋር አንድ ቀለም አለው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ክፍት መሆኑንና መንገዱን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ስፓን በተመለከተ ተጠንቀቁ። አንድ ሆቴል፣ ስሙ ይቅርና፣ ለስፓ ብዬ ከፍዬ የእንፋሎት ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ማሳጁ ደግሞ ከጄኔሬተር ጎን ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ግቡና እዩ።

ለሙሽራ ግን ከወይባ የሚበልጥ ስፓ አላየሁም። ገላዋን ቅባት ተቀብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ጢሱ ከሥር ሲወጣላት አልቧት ወርቅ መስላ ትወጣለች።

ልጃችን ቀጰዶቅያን መርጣለች። በረዶውንም እዚያው ታገኘዋለች። ወይባውን እናቷ ከወዲሁ እያሰባሰበች ነው።