መሪን በጦር ወንጀል መክሰስ ሰላሙን ያፈርሰዋል ወይስ ያጸናዋል?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። እዚሁ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ያነሱት ጥያቄ ለኔም አልጠራ ስላለኝ እዚህ ላምጣው ብዬ ነው። ጦርነት ላይ ያለ የአገር መሪ በጦር ወንጀል ከተከሰሰ፣ ምን አግኝቶ ነው ለድርድር የሚቀመጠው? ሥልጣን ሲለቅ የሚጠብቀው እስር ቤት ከሆነ እስከ መጨረሻው ጥይት አይዋጋም ወይ? አንዱ ልጅ እንዲህ ሲል አንዷ ተነስታ «ካልተከሰሰስ? ልጇ የሞተባት እናት ዝም በይ ልትባል ነው?» አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2023 ፑቲን ላይ፣ በ2024 ደግሞ ኔታንያሁ ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ጦርነቶቹ በማዘዣው ምክንያት አልቆሙም። እባካችሁ የፓርቲ ክርክር ውስጥ ሳትገቡ፣ በተግባር የሆነውን የምታውቁ ንገሩኝ።

ጠበቃዋ፦
መምህር፣ ክስ ሰላም ያደፈርሳል ሲባል ሁሌ እንሰማለን። ምሕረት ሰላም ሲያፈርስ የታየበትን ግን ማንም አያነሳም። ሴራሊዮንን እይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1999 ሎሜ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመና የአማፂው መሪ ፎዴይ ሳንኮህ ሙሉ ምሕረት አገኘ። በዚያ ላይ የማዕድን ሀብቱን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነ፣ ማዕረጉም ከምክትል ፕሬዚዳንት እኩል። የሰው እጅ ሲቆርጥ የነበረ ቡድን መሪ ነው እንግዲህ። ዓመት ሳይሞላ ታጣቂዎቹ ወደ 500 የሚጠጉ የተመድ ሰላም አስከባሪዎችን አገቱ። ምሕረቱም ሹመቱም አላረካቸውም።

ቀጥሎ ቻርለስ ቴይለርን እይ። በ2003 የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ለሰላም ድርድር አክራ በሄደበት ቀን የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት የሳንኮህን አማፂዎች ረድቷል የሚለውን ክስ ይፋ አደረገ። ድርድሩ አበቃለት ተባለ። ጋና አልያዘችውም፣ ወደ ሞንሮቪያ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ውስጥ በነበረው ውጊያ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል፤ ይሄን አልደብቅም። ግን በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ሥልጣን ለቆ ናይጄሪያ ገባ፣ በሳምንቱም የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ያወረደው ክሱ ብቻ ነው አልልም። አማፂዎች ዋና ከተማውን ከበውት ነበር፣ አሜሪካም ውጣ ብላዋለች። ክሱ ያደረገው ነገር ቴይለር በሚቀጥለው መንግሥት ውስጥ ቦታ ሊኖረው እንደማይችል ለተደራዳሪዎቹ ሁሉ ግልጽ ማድረጉ ነው። በ2006 ተያዘ፣ በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ላይቤሪያም ወደ እርስ በርስ ጦርነት አልተመለሰችም።

አቶቴ፦
እህቴ፣ ሥልጣን ያጣና የተያዘ ሰው ምሳሌ ነው የመረጥሽው። ያልተያዘውስ? የሱዳን ፕሬዚዳንት በነበረው አል-በሽር ላይ ማዘዣ የወጣው በ2009 ነው። ወዲያው ምን አደረገ? 13 ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶችን ከአገር አባረረ። ምግቡና ሕክምናው የቀረበት የዳርፉር ተፈናቃይ ነው፣ እሱማ ቤተ መንግሥቱ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገዛ። በ2015 ጆሃንስበርግ ለስብሰባ ሄዶ በሰላም ተመለሰ። በ2019 ያወረደው የገዛ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነው፣ በመጨረሻም ጄኔራሎቹ ናቸው ያነሱት። ከሱ በኋላ የመጡት ጄኔራሎች እርስ በርስ ተዋግተው ሱዳን ምን ላይ እንዳለች የምታዩት ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የዳርፉርን ጉዳይ በ2005 ወደ ፍርድ ቤቱ የመራው የጸጥታው ምክር ቤት ነው። እዚያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ካላቸው አምስት አገሮች ሦስቱ፣ አሜሪካ ሩሲያና ቻይና፣ ራሳቸው የፍርድ ቤቱ አባል አይደሉም! እነሱን የማይነካ ሕግ ለምን እኛ ላይ ይጠብቃል? ኢትዮጵያም አባል አይደለችም፣ ልክ ናት እላለሁ። መጀመሪያ ጠመንጃው ይውረድ፣ ሰው ይረፍ፣ ከዚያ በራሳችን ፍርድ ቤት እንነጋገር።

ጠበቃዋ፦
አድልዎው ላይ አልከራከርህም፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን «መጀመሪያ ሰላም» ለሚለው ሕጉ ራሱ በር ትቶለታል። ፍርድ ቤቱ የተቋቋመበት የሮም ስምምነት አንቀጽ 16 የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ለ12 ወር እንዲያቆየው፣ እንዲያድሰውም ይፈቅዳል። ለአል-በሽር የአፍሪካ ኅብረት ይሄንኑ ጠይቆ ነበር፣ ምክር ቤቱ አልተቀበለም። ደግሞም ማዘዣ ሁሌ ድርድር ይገድላል ማለት አይቻልም። የኡጋንዳው አማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ ላይ ማዘዣ የወጣው በ2005 ነው፣ የጁባው ድርድር የተጀመረው በ2006። ከማዘዣው በኋላ ነው እንግዲህ የተቀመጡት። የመጨረሻውን ሰነድ ኮኒ ሳይፈርም መቅረቱ እውነት ነው።

የይርጋለም ሰው፦
ልጆች፣ የውጭውን ደህና አድርጋችሁ ተናግራችኋል። እኔ የራሳችንን ልጨምር። ዓመቶቼ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጥቶ ዚምባብዌ ገባ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፣ ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ በ1999 እሱና የደርግ ባልደረቦቹ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። አሥራ ሁለት ዓመት! ከተከሳሾቹ በመሐል የሞቱ አሉ። ክሱ ያፈረሰው ሰላም የለም፣ ምክንያቱም ጦርነቱ አልቆ ነበር። የተከሰሰው ግን የተሸነፈው ወገን ብቻ ነው፣ ያም ለፍትሑ ጥሩ ስም አልሰጠውም።

ታላቅ ወንድሜን በ1970 የታጠቁ ሰዎች ከቤት ወሰዱት። ተማሪ ነበር። እናታችን በር ላይ ቁጭ ብላ ነው ያረጀችው። ችሎቱን ስከታተል ልቤን የነካው ፍርዱ አይደለም፣ ሰነዱ ነው። ፊርማና ማኅተም ያለበት የግድያ ትዕዛዝ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ለዓመታት «ውሸት ነው፣ የለም» ሲባል የኖረው ነገር ታወቀ። በ2000 የሞት ፍርድ ተወሰነ፣ በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ ቀጥሎ ብዙዎቹ ተፈቱ። ሲፈቱ አልተናደድኩም፣ አርጅተዋል። የሚያቃጥለኝ የኔን ወንድም ማን ወሰደው፣ የት ቀበረው የሚለውን የሚያውቅ ሰው አፉን ሳይከፍት መሞቱ ነው። ምሕረት ትሉኛላችሁ፣ እሺ። ግን ምንም ላልተናገረ ሰው ምሕረት ስታደርጉ እኔ ምን አገኘሁ?

ሳይከሰስ የቀረውንም አስታውሱ። ግራዚያኒ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አንድ ቀን እንኳ ለፍርድ አልቀረበም። በ1950 በፈረንጅ ኢጣሊያ 19 ዓመት የፈረደችበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፣ እሱንም በወራት ውስጥ ተፈታ። በ2012 ደግሞ (ይሄም በፈረንጅ) በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠሩለት።

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። ያሉት ነገር ለኔ እንግዳ አይደለም። በሲዳማ አፊኒ፣ በባህላዊው የዕርቅ ሥርዓታችን፣ ሽማግሌ ፊት እውነቱ ሳይወጣ ዕርቅ የለም። አያቴ ሽማግሌ ስለነበሩ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ የነፍስ ጉዳይ ሲሆን ገዳዩ ወገን ሸፋፍኖ ካሣ ልክፈል ቢል አይሰሙትም። ግን ያ የሚሠራው ነገ አብረው ገበያ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ከሩቅ ሆኖ በስልክ የሚያዝዝ መሪ ከማን ጋር ነው የሚታረቀው?

ኮሎምቢያ ይሄን ለመፍታት የሞከረችበት መንገድ ደስ ይለኛል። ከፋርክ አማፂዎች ጋር በ2016 በፈረንጅ ከተስማሙ በኋላ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። እውነቱን ሙሉ በሙሉ የተናገረ ከ5 እስከ 8 ዓመት የነፃነት ገደብ፣ የካደና ጥፋተኛ የተባለ እስከ 20 ዓመት እስር። ተዋጊው ከጫካ እንዲወጣ በር አለው፣ ግን በነፃ አይደለም። እኛም የፕሪቶሪያው ስምምነት አንቀጽ 10 ላይ የሽግግር ፍትሕ አለ፣ በ2016 በኛ አቆጣጠር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን አጽድቋል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ሁሉ ተጽፏል።

አቶቴ፦
የጋሼን አንብቤ ዝም ብዬ ቆየሁ። እውነቱ ይውጣ በሚለው እስማማለሁ። ግን የተጻፈ ነገርማ ሞልቷል። ሥልጣን ላይ ያለውን ማን ይከሳል? ዐቃቤ ሕጉን ማን ይሾማል? ምስክሩን ማን ይጠብቃል? የኬንያው ፕሬዚዳንት የነበረው የኬንያታ ክስ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2014 በፈረንጅ ማስረጃ ጠፍቶ ነው የተቋረጠው፣ ምስክሮች እያፈገፈጉ።

ጠበቃዋ፦
ምስክር ጥበቃው ላይ ልክ ነህ፣ ያለሱ ሁሉም ወረቀት ነው። ስለ ምሕረት ግን መምህር ለተማሪዎቹ ይሄን ንገራቸው፦ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) የለውም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም ይላል። የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው የፈቀደው፣ ጋሼ ያሉት የ2003ቱም ውሳኔ በዚህ ነው የሆነው። ስለዚህ እኛ አገር ተደራዳሪ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ምሕረት ቃል ልግባ ቢል እንኳ ሥልጣኑ የለውም። «ማን ይከሳል» ላልከው ደግሞ ሂሴን ሐብሬን እይ። የቻድ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ በ1990 በፈረንጅ ወርዶ ሴኔጋል የሸሸው። ተጎጂዎቹ ለዓመታት ሲወተውቱ ከርመው በ2016 በፈረንጅ የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ላይ የአፍሪካ ዳኞች ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወዳለበት ሔግ አልሄደም።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። ለሰኞ ሎሜንና ሐብሬን ጎን ለጎን አድርጌ እሰጣቸዋለሁ፣ አል-በሽርንም አልተውም፣ አቶቴ ያነሳው የተፈናቃዮቹ ነገር መነገር አለበት። ጠበቃዋ፣ አንቀጽ 28ን በቀላል አማርኛ አንድ ገጽ ብትጽፊልኝ? ልጆቹ የሕጉን ቋንቋ ሲያዩ ይሸሻሉ።

ጠበቃዋ፦
ነገ ማታ እልክልሃለሁ። የፕሪቶሪያውን አንቀጽ 10ም ጨምሬ።