ኩርጋን ውስጥ የተገኘ ሳንቲም የመቃብሩን ዘመን ይናገራል ወይ?

ጀማሪ ቆፋሪ፦
ሰላም ናችሁ፣ ሰሞኑን ስለ ኻዛሮች (በመካከለኛው ዘመን ከጥቁር ባሕር ሰሜን ይገዙ የነበሩ ፈረሰኛ ሕዝቦች) ሳነብ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሩሲያ ውስጥ ዶን ወንዝ አካባቢ ያሉት ኩርጋኖች ውስጥ፣ እነዚያ አፈር ተከምሮባቸው ዙሪያቸውን አራት ማዕዘን ቦይ የተቆፈረላቸው መቃብሮች፣ የባይዛንታይን የወርቅ ሳንቲም ይገኛል አይደል። የንጉሥ ሄራክሊየስ ሳንቲም ከሆነ ሰውየው የሞተው በሱ ዘመን ነው ማለት ነው (እ.ኤ.አ. 610–641)። ታዲያ አርኪዮሎጂስቶቹ ለምንድነው ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ወደ 8ኛው የሚገፉት? ደሞ ፈረሱስ ለምን አብሮ ይቀበራል

እርካብ፦
ኧረ አይደለም! ሳንቲሙ የሚነግርህ ሰውየው ሳንቲሙ ከመሠራቱ በፊት እንዳልተቀበረ ብቻ ነው። ወርቅ እኮ ነው፣ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፣ በስተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ምስሉ ደብዝዞ ካየኸው ስንት እጅ እንደዞረ አስበው። ብዙ ሳንቲም ካለ ደሞ የሚታየው የመጨረሻው ነው። ዩክሬን ፖልታቫ አጠገብ ማላያ ፔሬሽቼፒና በ1912 እ.ኤ.አ. እረኛ ልጆች ያገኙት ሀብት (ወርቁ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ!) ከንጉሥ ማውሪስ ጀምሮ ያሉ ሳንቲሞች ነበሩት፣ ዘመኑ የተቆረጠው ግን በኋለኛው በኮንስታንስ 2ኛ ነው። ቀለበቶቹ ላይ ያለው ሞኖግራም (ፊደላት ተጣምረው የስም ምልክት የሆኑበት) ኩብራት ተብሎ ስለተነበበ ብዙዎች የቡልጋሮቹ ገዢ ነው ይላሉ፣ እኔንም አሳምኖኛል።

ዘለበት፦
እሱ ልክ ነው ግን ሳንቲም የሚገኘው ስንቱ ጋ ነው? አብዛኛው ኩርጋን ድሮ ተዘርፏል። ለኔ ዋናው ቀበቶ ነው፣ የዘለበቱና የጌጡ ፋሽን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከእርካቡና ከጎራዴው ቅርፅ ጋር ሲያያዝ ዘመኑን ያጠብልሃል፣ ካርቦን 14 (የአጥንትና የእንጨት ዕድሜ የሚለካበት የላብራቶሪ ዘዴ) ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ የአስርት ዓመታት ስፋት ይሰጥሃል። ቀበቶ ማዕረግም ነው፣ ወርቅ የታጠቀና ነሐስ የታጠቀ እኩል አይደሉም። ፈረሱ ወዲያኛው ዓለም ባለቤቱን እንዲሸከም ነው ይባላል። አንዳንዱ ጋ ሙሉ ፈረስ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ጭንቅላትና እግር ብቻ፣ ማለትም ቆዳው ተገፎ ከነሱ ጋር ተቀብሮ ስጋው ለቀብሩ ድግስ ሳይበላ አይቀርም። በነገራችን ላይ እርካብን ወደ አውሮፓ ያስገቡት አቫሮች (ከእስያ መጥተው ሀንጋሪ አካባቢ የሰፈሩ ፈረሰኞች) ናቸው ግን ሀንጋሪ ሄደህ ጉብታ እንዳትፈልግ፣ የነሱ መቃብር በአብዛኛው ሜዳ ላይ ነው።

ጀማሪ ቆፋሪ፦
አሁን ገባኝ፣ ፎቶው ላይ ያየሁት ሳንቲም ለካ ሁለት ቦታ ተበስቷል፣ እኔ ደሞ ቆፋሪዎቹ ያበላሹት መስሎኝ ስሳደብ ነበር 😅