ዳዶው አልፈታ ሲል፣ ክሪኩ ሲሰምጥ

ጥያቄ፦ የቶዮታ ቪትዝ መኪና የኋላ ጎማ መንገድ ላይ ተንፍሶ ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች በመኪናው መፍቻ ንቅንቅ ባይሉ፣ ክሪኩም ለስላሳ አፈር ውስጥ ቢሰምጥ፣ ጎሚስታ በሌለበት ምን ይደረጋል?

መልስ 1፦ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እንደረገጠ ያላሉ። ካነሱት በኋላ ከታገሉ ጎማው አብሮ ሊዞር፣ መኪናውም ከክሪኩ ሊንሸራተት ይችላል። የመፍቻው እጀታ አጭር ነውና 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የብረት ቱቦ አልብሰው ወደ ግራ ይጫኑ። ቱቦው ለመፍታት ብቻ ነው! በእሱ ካጠበቁ ዳዶው የሚገባበት ቡሎን ሊበጠስ ይችላል።

መልስ 2፦ ከክሪኩ ስር 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ያንጥፉ። ድንጋይ አይሁን፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ የፊቶቹን በድንጋይ ያስደግፉ። ስኮርቱን (ትርፍ ጎማውን) ከመኪናው ሆድ ስር አስተኝተው ያስገቡ፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል።

መልስ 3፦ ዳዶው ተፈትቶ ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ብረት) በዝገት ከተጣበቀ በመዶሻ አይደብድቡ። ዳዶዎቹን በጣት ብቻ ጥቂት ዙር መልሰው መኪናውን ቀስ አድርገው ያውርዱ፤ ክብደቱ ራሱ ያላቅቀዋል።

ጠያቂ፦ ዳዶዎቹ ሳር ውስጥ ቢጠፉስ?

መልስ 1፦ ከቀሩት 3 ጎማዎች አንድ አንድ ይፍቱ። ቪትዝ በየጎማው 4 ቡሎን ስላላት ለእያንዳንዱ ጎማ 3 ዳዶ ይደርሳል፤ ዳዶ እስኪገዛ በዝግታ ይነዳል። የዳዶው ሾጣጣ ወገን ወደ ቸርኬው ይዙር። እያፈራረቁ ያጥብቁ፣ ግሪስ አይቀቡ፣ 50 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ደግመው ያጥብቁ።