መጨረሻውን እያወቅሁት ልቤ ለምን ይንጠለጠላል?

ጥያቄ፦ የሌሊት አንባቢ

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እወዳለሁ። መውደድ ስል ስሜ ሲጠራ የማልሰማበትን፣ ገጹን ሳልጨርስ ጣቴ ቀጣዩን ገልጦ የሚጠብቅበትን ዓይነት ንባብ ማለቴ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አብልጠው የሚስቡኝ እንግዳ የሆኑት ናቸው፤ ትናንት የነበረው በር ዛሬ ግድግዳው ላይ የማይገኝባቸው፣ የሞተ ሰው ደብዳቤ የሚልክባቸው፣ ወይም ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ሆኖ ሳለ አንዲት ነገር ብቻ ልክ ያልሆነችባቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባገኘሁ ቁጥር ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አልችልም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ "ይህን ሳታነብ አትደር" እላለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንዳንድ መጻሕፍትን ደግሜ አነባለሁ። ልጅቷ ከምድር ቤቱ እንደምታመልጥ አውቃለሁ፤ ደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ሆኖም ልጅቷ በጨለማ ቁልፉን ስትፈልግ መዳፌ ያልበዋል። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ መጀመሪያ ሳነባቸው በአድናቆት ያስጮሁኝ፣ በሁለተኛው ንባብ ግን አንዳች ነገር የማይቀራቸው። ሁለቱም ዓይነት ደራስያን ምስጢር ደብቀዋል፤ ሁለቱም ታሪኩ ጫፍ ላይ በሚደርስበት በጡዘቱ ላይ አውጥተውታል። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ልብ ሰቀላ ካለማወቅ የሚወለድ ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው ልቡ እንዴት ይሰቀላል?

ሁለተኛው ስለ እንግዳነቱ ነው። ያ ሁሉ ጉድ በመጨረሻው ምዕራፍ "ለካስ ሕልም ነበር" ወይም "ለካስ መድኃኒት ሰጥተውት ነበር" ተብሎ ሲፈታ ከልቤ አዝናለሁ። ሳይፈታ ሲቀር ግን ሁልጊዜ እረካለሁ ማለት አይደለም። አንዳንዱን ደራሲው ራሱ መልሱን ሳያገኝ የተወው ይመስለኛል። ሳይፈታ ቀርቶ የሚያረካውን ከማያረካው በምን ትለዩታላችሁ? ያነበባችሁትን፣ የታዘባችሁትን ጻፉልኝ። መጽሐፍ ስትጠቅሱ ግን ገና ላላነበበው ሰው ስትሉ መጨረሻውን አትግለጡበት።


መልስ፦ ሴራ ወዳድ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠውን መልስ የሰጠው የፊልም ሰው ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ አድርጎ ነበር፤ በ1966 መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። እዚያ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ተቀምጧል፤ እኛ ግን አናውቅም። ድንገት ሲፈነዳ እንደነግጣለን። ሂችኮክ ለዚህ ድንጋጤ የሰጠው ዕድሜ 15 ሰከንድ ነው። አሁን ደግሞ ቦምቡ ሲቀመጥ አይተናል እንበል፤ የሚፈነዳበትን ጊዜ እናውቃለን፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰዓትም ይታየናል። ያው ተራ ወሬ፣ ያው ጠረጴዛ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀናል። "ወሬውን ተዉትና ጎንበስ ብላችሁ እዩ!" ብለን መጮህ ያምረናል።

ልብ ይበሉ፤ በሁለተኛው ትዕይንት ጭንቀቱን ያመጣው ማወቃችን ነው። የማያውቁት ገጸ ባሕርያቱ ናቸው። በሁለተኛው ንባብ ባዶ የሆኑብዎት መጻሕፍት ቦምቡን ከእርስዎም የደበቁት እንደሆኑ እገምታለሁ፤ ያላቸው ኃይል ሁሉ ያቺ 15 ሰከንድ ነበረች። የምድር ቤቷ ልጅ ታሪክ ግን ቦምቡን አስቀድሞ አሳይቶዎታል። ቁልፉ የት እንደወደቀ አንባቢው ያያል፣ ልጅቷ አታይም። ደግመው ሲያነቡትም ይህ ርቀት በቦታው አለ።

ደግሞ ንግርን፣ ማለትም ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ በጥቂቱ መጠቆምን፣ አይርሱ። ጥሩ ደራሲ በሦስተኛው ገጽ ላይ እንደ ዋዛ የጣላት አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ንባብ ታልፋለች፣ በሁለተኛው ትወጋለች። እኔ የምደግማቸው መጻሕፍት ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የተሞሉ ናቸው። ተገርመው ብቻ የሚዘጉትን መጽሐፍ ግን ወደ ኋላ ተመልሰው ቢፈልጉት የተዘራ ነገር አያገኙበትም፤ ምስጢሩ ከውጭ መጥቶ የወደቀ ነው።


መልስ፦ ቀስ ብላ የምታነብ

ስለ ማወቅና አለማወቅ ጥናትም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ወስደው ለአንባቢዎች አቀረቡ። ለአንዳንዶቹ መጨረሻው አስቀድሞ ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ አልተነገራቸውም። ይበልጥ የወደዱት መጨረሻው የተነገራቸው ሆኑ፤ ያልተጠበቀ ፍጻሜ ባላቸውና የወንጀል ምስጢር በሚፈቱ ታሪኮች ላይም ውጤቱ ይኸው ነበር። በ2015 በሌሎች ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት ደግሞ በተቃራኒው፣ መጨረሻውን ማወቅ ልብ ሰቀላውንም ደስታውንም እንደሚቀንስ አሳየ። ስለዚህ በአንዱ ጥናት ብቻ ተደግፎ መፍረድ አይቻልም። እኔም መጨረሻ ለሚገልጥ ሰው ፈቃድ መስጠቴ አይደለም፤ የመጀመሪያው ንባብ የማይመለስ ነውና ማንም ሊነጥቀን አይገባም።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሪቻርድ ጌሪግ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1989 ያሳተመው ሥራ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች፣ ሹመቱ ሊቀር የተቃረበ አስመስሎ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ዋሽንግተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆኑ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ተብለው ሲጠየቁ፣ መልሱን በሚገባ እያወቁት ዘገዩ። ታሪኩ ውስጥ ገብቶ የሚያነብ አእምሮ ውጭ የሚያውቀውን ለጊዜው በሩ ላይ ትቶ ይገባል ማለት ነው።

እኔ ይህን በራሴ ንባብ አይቼዋለሁ። የምወደው ገጸ ባሕርይ የሚሞትበትን ምዕራፍ ስደግም፣ ከሞቱ በፊት ባለው ገጽ ላይ "ዛሬ ምናልባት አይሄድ ይሆናል" ብዬ እመኛለሁ። በማላዝንለት ገጸ ባሕርይ ላይ ግን ይህ አይደርስብኝም። ስለዚህ "ሴራ ወዳድ" ካሉት ላይ ፍቅርን ልጨምር። ቦምቡ አጠገብ የተቀመጡትን ሰዎች ካልወደድኳቸው ሰዓቱን ብመለከትም አልጨነቅም።


የሌሊት አንባቢ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ! የዋሽንግተኑን ነገር ካነበብሁ በኋላ መጻሕፍቴን አውርጄ ደግሜ የማነባቸውንና የማልደግማቸውን ለየሁ። በአንደኛው ክምር ያሉት ሁሉ እጁን፣ ትንፋሹን፣ የሚፈራውን የማውቀው ሰው አለባቸው። በሌላኛው ክምር ያሉት ሰዎች ስማቸው እንኳ ጠፍቶብኛል፤ የማስታውሰው መርዙ የት እንደተደበቀ ብቻ ነው። ይህን ለዓመታት ሳየው ኖሬ መናገሪያ አላገኘሁለትም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ገና ክፍት ነው። እንግዳው ነገር ሳይፈታ ሲቀር የሚያረካው መቼ ነው?


መልስ፦ አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ

አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁና ከጸሐፊው ወንበር የሚታየውን ልንገርዎት። እንግዳ ታሪክ የሚቆመው እንግዳ ባልሆነው ክፍሉ ነው። የደራሲውን የፍራንዝ ካፍካን "ሜታሞርፎሲስ" ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የታተመ ነው። ጉዱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተነግሮ ያልቃል፤ ሰውየው ጠዋት ሲነቃ ወደ ግዙፍ ነፍሳት፣ ማለትም ወደ ተባይ፣ ተለውጧል። ከዚያ በኋላ እንዴትና ለምን የሚል ማብራሪያ የለም። ሰውየው የሚጨነቀው ባቡሩ ስላመለጠው፣ አለቃው ስለሚለው ነገር፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ማዘዝ ስላቃተው ነው። ትረካው የተረጋጋ፣ ዝርዝሩ ትክክለኛ ነው። አንባቢው ለምን ሆነ ብሎ መጠየቁን ትቶ አሁን እንዴት ይኖራል ወደሚለው ይሸጋገራል። ካፍካ ለአሳታሚዎቹ በጻፈው ደብዳቤ ነፍሳቱ በሽፋኑ ላይ እንዳይሳል፣ ከሩቅ እንኳ እንዳይታይ ለምኗል። ምን መታየት እንዳለበትና ምን መሸፈን እንዳለበት አጥብቆ ያውቅ ነበር።

የደራሲዋ የሸርሊ ጃክሰን "ሎተሪ"ም እንዲሁ ነው፤ በአንድ መንደር በየዓመቱ ዕጣ ስለሚወጣበት ሥርዓት ይተርካል። በ1948 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ሲወጣ የደብዳቤ ናዳ ወረደ፤ ከጻፉት መካከል ይህ ሥርዓት የት እንደሚፈጸም፣ ሄዶ ማየት ይቻል እንደሆነ የጠየቁ ነበሩ። መንደሩ፣ አየሩ፣ የሰዎቹ ጨዋታ ይህን ያህል የታመነ ነበር። ሥርዓቱ ለምን እንደተጀመረ ታሪኩ አይነግረንም፤ የመንደሩ ሰዎችም ረስተውታል። አለማወቁ የእነርሱ የራሳቸው ሕይወት አካል ስለሆነ ደራሲዋ የጎደለባት ነገር ያለ አይመስልም።

እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ላይነገረኝ ይችላል፣ ሕጉ ግን መጠበቅ አለበት። በሩ የሚጠፋው ማታ ብቻ ከሆነ ደራሲው ሲቸግረው ቀን ላይ ሊያጠፋው አይገባም። ኤድጋር አላን ፖ በ1846 ባሳተመው ድርሰት ማንኛውም ሴራ ብዕር ከመነሳቱ በፊት እስከ ልቀቱ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ፍቺ ድረስ ታስቦ ማለቅ አለበት ብሎ ነበር። እንግዳ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ በእጥፍ ይሠራል። መልሱን ለአንባቢ ባይሰጥም ክብደቱን በእጁ ይዞ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ እርስዎ እንዳሉት ያስታውቃል።

አንድ መጽሐፍ ልጠቁምዎ። ሄንሪ ጄምስ በ1898 ያሳተመው "ዘ ተርን ኦቭ ዘ ስክሩ" የተባለ የመናፍስት ታሪክ አለ። አንዲት ሞግዚት ሁለት ሕፃናትን ልታሳድግ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያም የሞቱ ሰዎችን ታያለች፣ ወይም ያየች ይመስላታል። ትዝቬታን ቶዶሮቭ የተባለው ሐያሲ በ1970 ባወጣው መጽሐፉ እንዲህ ያለው ሥነ ጽሑፍ የሚኖረው አንባቢው በሁለት ፍቺ መካከል ሲያመነታ ነው ይላል። ነገሩ በተፈጥሮ ሕግ ከተፈታ ወይም ተአምር መሆኑ ከተረጋገጠ ታሪኩ ወደ ሌላ ወገን ያልፋል። ጄምስ ማመንታቱን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞ ይዘልቃል። እያንዳንዱ ትዕይንት በሁለቱም በኩል ይነበባል፤ አንዱም አያፈስም።


መልስ፦ መፍትሔ የሚወድ

ሁላችሁንም በጥሞና አነበብሁ፤ ለመርማሪ ልብ ወለድ ግን መቆም አለብኝ። የሚፈታ ምስጢር ዝቅ ያለ ነገር ተደርጎ ሲቆጠር ያመኛል። ሮናልድ ኖክስ የተባለው ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ ዐሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነገር መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይፈቀድም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢው ወዲያው ማየት አለበት። ሕጎቹን እንደ ጨዋታ ብናያቸው እንኳ ከሥራቸው አንባቢን የማክበር ሐሳብ አለ። ደራሲው "ፍንጩ ሁሉ ፊትህ ነበር" ሊለኝ ሲችል፣ እኔም ወደ ኋላ ገልጬ እውነቱን እንደሆነ ሳረጋግጥ የማገኘውን ደስታ ሌላ ንባብ አይሰጠኝም።

ስለዚህ የሌሊት አንባቢ የጠሉት "ለካስ ሕልም ነበር" የሚለው መጨረሻ ጥፋቱ መፍታቱ አይደለም። ፍንጭ ሳይሰጥ መፍታቱ ነው። ሕልሙ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ተዘርቶ ቢሆን ኖሮ እርስዎም ደግመው ያነቡት ነበር።


የሌሊት አንባቢ

ይህ የመጨረሻው አባባል አሳመነኝ። መፍታትን በጅምላ ጠልቼ ነበር፤ ከአሁን በኋላ የምጠይቀው የተዘራ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው። ባይፈታም ሕጉ ተጠብቋል ወይ፣ ሲፈታስ ፍንጩ ፊቴ ነበር ወይ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ ሕልሙ በጥንቃቄ የተዘራ ቢሆን እንኳ ገጸ ባሕርይው ሲነቃ የተጨነቅሁለት አደጋ ሁሉ አልነበረም ማለት ነው። ፍንጩ ትክክል ሆኖ ስሜቴ የተከዳ ይመስለኛል። ቀስ ብላ የምታነበው እንደጻፈችው ፍቅሬን አስይዤ ነበርና።

የጄምስን ታሪክ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። መጀመሪያ መናፍስቱ አሉ ብዬ አምኜ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ስደግመው ደግሞ ሁሉም በሞግዚቷ አእምሮ ውስጥ ነው ብዬ። የትኛው ትዕይንት ላይ እምነቴ እንደተናወጠ ገጹን እየጻፍሁ እይዛለሁ። ከእናንተ መካከል ያነበበው ካለ፣ አለበት ሲባል የሰማሁትን የሐይቅ ዳር ትዕይንት በየትኛው ወገን ሆኖ እንዳነበበው ይጻፍልኝ፤ እኔ እስክደርስ ግን መልሱን አልከፍተውም።