ዘጌ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን። ከጓደኛዬ ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ሄደን ሁለት ቀን በእግር ልንዞር ነው። ሆቴል አንፈልግም። ድንኳን፣ በሶና ጀበና ይዘናል። የት እንደር? ውኃስ?

የዘጌ ልጅ፦
ያደግሁት እዚያው ነው። ጫካው ባዶ እንዳይመስላችሁ፤ ቡናው ባለቤት አለው። በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ነው ደኑ የተረፈው። ስለዚህ ዝም ብሎ ድንኳን መትከል ነውር ነው። መጀመሪያ የአገር ሽማግሌ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሰው ግቢ ዳር ይሰጧችኋል። ቡናው ሥር እሳት በፍጹም! ውኃ ከባሕር ዳር ያዙ። ደግሞ ጦጣውን! አንዴ የእንግዳዬን የበሶ ላስቲክ በጥርሷ ቀድዳ፣ ዱቄቱ ፊቷ ላይ ቦኖ ዛፍ ላይ ስታስነጥስ አየናት።

ጀልባ ወዳጅ፦
ጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ጣና ይናወጣል። እኛ አርፍደን ወጥተን ሞተሩ መሃል ላይ ጠፋብን፤ ያየን ባለታንኳ ነው ሰው የጠራልን። ሐይቁ ዳር አትተኙ፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ማታ ነው። አጎበርም እንዳትረሱ፣ ወባ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም አጣሩ።

ጠያቂ፦
አጎበሩን ረስተነው ነበር! በሶውም ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጀበናውስ፣ ይቅር?

የዘጌ ልጅ፦
ተዉት ባካችሁ። ዘጌ ጀበና ይዞ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?