ከደረቀ ደም ዲኤንኤ ማውጣት፦ ደሴ ላይ ውሃው 95 ዲግሪ አይደርስም

ጤና ይስጥልኝ። በእጄ ያለው ከኮምቦልቻ ዙሪያ የቫይቫክስ ወባ ታካሚዎች በዋትማን 3 ማጣሪያ ወረቀት ላይ የተወሰደ የደረቀ ደም ነው። ጂ6ፒዲ የተባለውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ቦታ 376 እና 202 ላይ ያሉትን ለውጦች በፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ) መለየት እፈልጋለሁ። ይህ ኢንዛይም ከጎደለ ቀይ የደም ሴል ራሱን ከጉዳት የሚከላከልበትን ኤንኤዲፒኤች በበቂ አያመርትም፤ መከላከያው ግሉታታዮን ይሟጠጥና ፕራይማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት የወሰደ ሰው ደሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ውጤቱ በግምት የሚታለፍ አይደለም።

ሁለት ባለ 3 ሚሊሜትር ክብ ቁራጭ፣ የደም ሴሎቹን በሚያፈርሰው 0.5 በመቶ ሳፖኒን በ4 ዲግሪ አሳድሬ፣ በፒቢኤስ (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) አጥቤ፣ 150 ማይክሮሊትር 6 በመቶ ቼሌክስ (ብረታማ ነገሮችን የሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች) ጨምሬ 10 ደቂቃ አፈላለሁ። ማፍያዬ የውሃ ማሞቂያ ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቴርሞሜትሩ ከሚፈለገው 95 በታች፣ 92 ላይ ይቆማል።

ከ12 ናሙና 9ኙ ፒሲአሩ ሠርቶ ቢሆን የሚታየውን መስመር አልሰጡም፤ ለማነጻጸሪያ የያዝኩት የታወቀ ዲኤንኤ ግን ደምቆ ይወጣል። መጀመሪያ ፒሲአሩን የሚያግደው ሄም (የደም ቀለም) ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ፈሳሹ ቡናማ ነበር። አጠባውን ሁለት ጊዜ ሳደርገው ጠራ፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። አንድ ለአሥር ማቅጠኑም አልረዳም። የታወቀውን ዲኤንኤ እዚያው ናሙና ላይ ስጨምርበት ይባዛል። ስለዚህ የሚያግድ ነገር የለም፤ ዲኤንኤው ከወረቀቱ አልተለቀቀም ማለት ነው።

የፒሲአር ማሽኑ 98 ዲግሪ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቱቦው ስለማይነቃነቅ ቼሌክሱ ሥሩ ይዘቅጣል።

በዚህ ከፍታ የሠራችሁ፣ በ92 ዲግሪ ስንት ደቂቃ ብታፈሉት ነው ዲኤንኤው የወጣላችሁ?